የሩቢ ቦታ

እኔ ጅን አየሁ የሚል ሰው ሲመጣብኝ «ምሳህን በልተህ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ ሴት ነኝ፣ ደሴ ሳለሁ እናቴ «ዘሃራ፣ አንቺ ልጅ ድርቅናሽ ከማን መጣ?» ትለኝ ነበር፣ አሁንም ያው ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን ስነግራችሁ በጨለማ ደንብሬ እንዳይመስላችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሜሪካ ኦክላንድ ውስጥ፣ ጠግቤ በልቼ ነው ያየሁት።

በፈረንጆቹ 2012 መሆኑ ነው፣ ያኔ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር፣ ጋሽ ተክሌ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር እሰፋ ነበር። ጋሽ ተክሌ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የደረሱ፣ እጃቸው ወርቅ፣ ምላሳቸው ምላጭ። አንድ ቀን ሚስተር ሌስተር የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ መኪና አስጭነው መጡ፣ መኪናዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ፣ ለሀብታም ብቻ ከተሠሩትና ዛሬ በጣት ከሚቆጠሩት አንዷ፣ በወጣትነታቸው ከአንድ ባለጠጋ እጅ የገዟት።

በሩን ስከፍት «ይሄ መኪና ነው ወይስ ጫጉላ ቤት?» አልኩ። ወለሉ የበግ ለምድ ነው፣ እግር ውጥት ያደርጋል፣ ወንበሩ በብር ክር የተጠለፈ ሰማያዊ ሐር፣ ከፊት ያለውን ሳጥን ስትከፍቱት ትንንሽ ብርማ ኩባያዎች ክዳኑ ላይ በማግኔት ተጣብቀው ይቆማሉ፣ ከኋላ ያለው የክንድ ማሳረፊያ ውስጥ ደግሞ መስታወት፣ ማበጠሪያ፣ የከንፈር ቀለም፣ ከደረቀ ስንት ዘመኑ የሆነ የሽቶ ብልቃጥ። ሰው ለመኪና እንዲህ ይጨነቃል ብዬ ተደመምኩ፣ ስንት ወንበር የሰፋሁ ሰው ለመንካት እጄን ታጥቤ መጣሁ።

ሽማግሌው ሚስታቸው ሩቢ ሳን ሆዜ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንዳሉ ነገሩን። ሁለት ዓመት ሙሉ ባላቸውን አያውቋቸውም፣ «ጌታዬ» ነው የሚሏቸው፣ ሐኪሙ ደግሞ ጊዜያቸው አጭር ነው ብሏል። «እኔ እየነዳሁ እሷ ከኋላ በቀኝ በኩል እንደ ንግሥት ነበር የምትቀመጠው፣ አንድ ጊዜ ቦታዋ ላይ ላስቀምጣት፣ ምናልባት ታውቀኝ ይሆናል» አሉ።

ያ የቀኙ ቦታ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። «ስፖንጁን ቼንጅ አድርጊው፣ ሴትዮዋን ጉድጓድ ላይ ልናስቀምጥ ነው?» አሉ ጋሽ ተክሌ። አሮጌውን አውጥቼ ጠንካራ አዲስ ስፖንጅ ከተትኩ፣ ልብሱን ወጥሬ ሰፋሁ፣ በቡጢ ብትመቱት የሚመልስ። ዙሁር ሰግጄ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ጎድጉዷል።

«ጋሽ ተክሌ፣ ማን ተቀመጠበት?»

«ድመት ይሆናላ።»

«ድመት ስልሳ ኪሎ ትመዝናለች እንዴ?»

እልህ ያዘኝ፣ ፈትቼ ሌላ ጨመርኩበት። በማግስቱ ከፊት ተቀምጬ የበሩን ልብስ ስሰፋ ከኋላዬ የወንበሩ ሞላ ሲጥ አለ፣ ከዚያ ሐሩ ቀስ ብሎ ተንሿሿ፣ ልክ ሴት ቀሚሷን አስተካክላ ስትቀመጥ እንደሚያሰማው። ዞር አልኩ፣ ማንም የለም፣ ግን ወላሂ ዓይኔ እያየ ስፖንጁ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ደግሞ ያ ደረቅ ብልቃጥ ፍስስ አለና የአበባ ሽታ መኪናውን ሞላው። እጄን ቦታው ላይ ሳሳርፍ ይሞቃል፣ እመኑኝ፣ አሁን የተነሳ ሰው ቦታ እንደሚሞቀው። ሱብሃነላህ። መፍራት ነበረብኝ፣ እኔ ግን ትልቅ ሰው ፊት እንደቀረብኩ እጄን ሰብስቤ ቆምኩ። ጋሽ ተክሌን ጠራኋቸው፣ ዳሰሱት፣ አማተቡ።

«ተይው በቃ፣ ቦታቸው ነው» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ሳን ሆዜ ወሰድናት። ሩቢን በተሽከርካሪ ወንበር አመጧቸው፣ አጥንታቸው የቀረ፣ ዓይናቸው የትም የማያይ። ደግፈን ቦታቸው ላይ አስቀመጥናቸው፣ ያ ጎድጓዳ ልክ ሆነላቸው። ሚስተር ሌስተር አጠገባቸው ገብተው እጃቸውን ያዙ። ሩቢ ትንሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ገለጥ አድርገው ባላቸውን በቁጣ አዩ።

«ሌስተር፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ማን ሊነዳን ነው?»

ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሱ። ጋሽ ተክሌ ቁልፉን ሰጧቸው፣ ሚስተር ሌስተር ግቢውን በዝግታ ሁለት ጊዜ ዞሩ፣ ሩቢ ከኋላ ሆነው በዚያች መስታወት እያዩ ከንፈራቸውን እየቀቡ «ፍጥነት ቀንስ» ይላሉ፣ እኔና ጋሽ ተክሌ ቆመን እንባችንን እንጠርጋለን።

ሲያወርዷቸው እግራቸው መሬት እንደነካ ዓይናቸው መልሶ ባዶ ሆነ። ለባላቸው «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አሉ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ወዳለው ባዶ ቦታ ዞረው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ፣ ለወዳጅ በሚነገር ድምፅ፣ «ደህና ሁኚ ሩቢ» አሉ።

ነርሷ እየገፋች ወሰደቻቸው። ሚስተር ሌስተር የመኪናውን በር እንደያዙ ወደ ውስጥ አዩ፣ ጎድጓዳው አልተነሳም፣ ደግሞ የሚርቀውን ተሽከርካሪ ወንበር አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከየትኛዋ ጋር ልሁን?» አሉኝ።

ጋሽ ተክሌን አየሁ፣ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ፣ ሽማግሌው በሩን ሳይዘጉ እዚያው ቆሙ።