ደጀኔ ያልጨረሰው መደብ

ያምሮት አዲሱን የሥራ ባልደረባዋን ንብረትን መጀመሪያ ያየችው ቀን፣ ያየችው እሱን አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ባለው ትንሽ የዲዛይን ቢሮ በር ላይ ቆማ፣ በትከሻው አሻግራ ስክሪኑን ተመለከተች።

«የደጀኔ ኮምፒውተር ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ካልከፋሽ...»

«ለምን ይከፋኛል? ዕቃ ነው።»

ብላው ወጣች። ንብረት ግን ዓይኗን አይቶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልቡ ማውጣት አቃተው።

ደጀኔ እጮኛዋ ነበር። አምና ክረምት ከቡሬ ሲመለስ የተሳፈረባት መኪና ተገልብጣ ሞተ። የጀመረው የእናቶች ማቆያ፣ ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ቤት፣ ንድፉ በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደቆመ ለንብረት ተሰጠ።

እንዲህ ባለው የሕንፃ ሞዴል ውስጥ የእያንዳንዱ ነገር ዓይነት መመረጥ አለበት፤ ግድግዳ፣ በር፣ ጣሪያ፣ የቤት ዕቃ። ግድግዳ የተባለውን ተቋራጩ ይገነባዋል። ዕቃ የተባለው ከግንባታው ይወጣል። ደጀኔ የሁሉንም መርጦ አንድ ነገር ብቻ ትቷል፤ አስታማሚዎች እንዲቀመጡበት በግድግዳው ሥር የሳለውን ረጅም መደብ።

«ያምሮት፣ ይሄን ምን እንበለው?»

«ተወው።»

«ሳይመረጥ እኮ ለተቋራጩ ርክክብ የለም።»

«ተወው አልኩህ እኮ!»

ንብረት እምቢታዋን ንቀት አድርጎ ቆጠረው። በሟቹ ወንበር የተቀመጠ ሰው ምን ይጠብቃል? የርክክቡ ቀን ሲደርስ ብቻውን አሰበና «የቤት ዕቃ» የሚለውን መረጠ። ሰው ይቀመጥበት የለም?

በማግስቱ ያምሮት የሥራውን መጠን ልታሰላ ሞዴሉን በራሷ ኮምፒውተር ከፈተች። ጩኸቷ ቢሮውን ሞላው። ንብረት ሮጦ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ እንዲህ ይላል፦ የቤት ዕቃ። የመጨረሻውን ለውጥ ያደረገው፦ ደጀኔ። ትናንት።

ንብረትም ደነገጠ። ያደረገውን ያስተዋለው ቆይቶ ነው።

«እኔ ነኝ ያምሮት! በሱ ስም እየገባሁ ነው የምሠራው። ስሙን ከኮምፒውተሩ መሰረዝ... ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ።»

«ዕቃ ነው በል ያለህ ማነው?»

«ማንም።»

«የሱ ቃል ነው! እኔ ግድግዳ ነው አልኩ፣ እሱ ዕቃ ነው አለ። ተጨቃጨቅን። ‹መደብ ያለበት ቤት ገብተህ አታውቅም እንዴ?› ብዬ ዘለፍኩት። ‹እንግዲያው አያ ቸኮለ ቤት ሄጄ አየዋለሁ› ብሎ ተነሳ። በዚያው ቀረ። ገባህ? የላክሁት እኔ ነኝ!»

አያ ቸኮለ ቡሬ አጠገብ የሚኖሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ንብረት «ጥፋትሽ አይደለም» ሊላት ፈለገ። ስንቱ ብሏት ይሆን?

«አያ ቸኮለን ጠይቀሻቸዋል?»

«በምን ዓይኔ?»

«አብረን እንሂድ።»

አዛውንቱ «ተቆጥቶ ነበር» ካሉ፣ ያምሮት ዳግም ለማንም ልቧን እንደማትከፍት ያውቃል። ቢሆንም ወሰዳት።

«ያ ሳቂታው ልጅ?» አሉ አያ ቸኮለ። «እንዴታ፣ መጥቷል! እዚሁ፣ እተቀመጥሽበት ላይ ነበር።»

ያምሮት ከመደቡ ብድግ አለች።

«ተቀመጭ እንጂ ልጄ፣ አይናድም!»

«ተቆጥቶ ነበር፣ አያ?»

«እረ የምን ቁጣ! በቆሎ እሸት ጠብሰን ስንፈጅ፣ መደቡን በተረከዙ እየመታ ይስቃል። ‹አንዲት ልጅ ልትረታኝ ነው› አለኝ። ‹ተረታላት፣ ምን ከበደህ?› አልኩት።»

«ምን መለሰልዎ?»

«አይ ልጄ... ዝናቡ መጣ። መኪና እንዳያመልጠው ሮጠ።»

ያምሮት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ንብረት ሊቀርባት አልደፈረም፤ እበሩ ላይ ቆመ።

«አንተስ ምን ተገተርህ?» አሉት አያ ቸኮለ። «ሙሽራ ልትወስድ የመጣህ ትመስላለህ!»

ያምሮት በእንባዋ መሃል ሳቀች። ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር።

መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቁ፣ «አልረሳውም ንብረት» አለችው።

«አትርሺው።»

«አይከብድህም?»

«ይከብደኛል። ግን አትርሺው።»

ቀና ብላ አየችው። በትከሻው አሻግራ ሳይሆን፣ እሱን።

«መደቡ ግን ግድግዳ ነው!»

«ነገ ግድግዳ እለዋለሁ።»

«በራስህ ስም ገብተህ በለው።»

ሚኒባሱ የደጀኔ መኪና ወደተገለበጠችበት ጠመዝማዛ ሲቃረብ፣ ንብረት እንዳያያት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እጇ እጁን ፈልጎ ያዘ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ያምሮት ዓይኗን ሳትጨፍን ገደሉን እስኪያልፉት አየችው።

«ደህና ሁን» አለች፣ በሹክሹክታ።

ብዙ ርቀው ከሄዱ በኋላ ወደ ንብረት ዞረች።

«ርቦኛል። ስንደርስ ምን ታበላኛለህ?»

«የፈለግሽውን...» አለ።

ፍኖተ ሰላም እስኪገቡ ድረስ እጁን አልለቀቀችም።