ሳትነቃ የሰማችው

«ቅቤሽን ረስተሽ ልትሄጂ ነው» አላት የባጃጁ ሹፌር።

ከድጃ ቅቤ አልገዛችም።

ዘወር ብላ ተቀበለችው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ ጡጫ የሚያክል ነው። ሹፌሩ ሀምዛ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ፊቱን ወደ ሆሳዕና ገበያ እንዳዞረ ነው የሚያወራት። ሦስት ወር አብረው ሠርተዋል። አንድም ቀን ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ልጁ ቆንጆ ይሁን አስቀያሚ እንኳ በቅጡ አላየችም፤ ይሄ ሥራ እንዲህ ያለ በደል አለበት።

«ስምንት ሰዓት ላይ ያንቀሳቅሱታል» አለ።

«ከየት?»

«እሱን የምትነግሪን አንቺ ነሽ። ጋሼ ማቲዎስ ‹አታካና እንቅልፏን በደንብ ትተኛ› ብለዋል።»

«የሰው አለቃ ለምን ተኛሽ ብሎ ይቆጣል፤ የኛው ለምን ነቃሽ ይላሉ።»

ሀምዛ አልሳቀም። ባጃጁ ሄደ።

አታካና እሷ ናት። የምስጢር ስሙን ያወጡላት አለቃዋ ማቲዎስ ናቸው፤ ያን ቀን ቁርስ ሳይበሉ እንደመጡ ያስታውቃል፤ አታካና በቡላና በቅቤ የሚሠራ ምግብ ነውና። በምትሰልለው በዘርአብሩክ የእንቅልፍ ቤት ደግሞ ስሟ ሃቢባ ነው፦ የጉራጌ ነጋዴ ሚስት፣ እንቅልፍ እምቢ ያላት።

ጥግ ይዛ ቅጠሉን ገለጠችው። ቅቤው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ጉርድ ፎቶ አለች። ሽበታም ሰውዬ፣ ግራ ጆሯቸው ላይ ጠባሳ። አንዴ አየቻቸው። ፎቶዋን ቦጫጭቃ ቦይ ውስጥ በተነቻት።

አቶ አክሊሉ። የዘርአብሩክ የቀድሞ ዘበኛ። ሊተኙ ገብተው ያልነቁ የሁለት ሰዎች ሬሳ በጓሮ በር ሲወጣ በዓይናቸው ያዩ ብቸኛ ምስክር። ለመጪው ሰኞ ፍርድ ቤት ተቀጥረው ሳለ ማክሰኞ ጠፉ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ስምንት ሰዓት ካለፈ የሚመሰክር ሰው አይኖርም።

ሰዓቷን አየች። ረፋድ አራት ሰዓት።

የመኝታ ሰዓት ደርሷል።

*

የዘርአብሩክ የእንቅልፍ ቤት ከውጭ ሲያዩት የጥርስ ሐኪም ቤት ይመስላል። ውስጡ ጨለማ፣ ጸጥታና ንጹሕ አንሶላ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሀብታም ሁሉ እየመጣ አንድ ብርጭቆ ነገር ይጠጣና ይተኛል። ተኝቶም ይለፈልፋል። ሲነቃ የለፈለፈውን አያውቅም፤ ዘርአብሩክ ግን ያውቃል። ከተማው ውስጥ እሱን የማይፈራ ሰው ካለ ገና ያልተኛ ሰው ነው።

ነርሷ ታንጉት የጣት መቆንጠጫውን አደረገችላት፤ የግንባሯን ቀበቶ አጠበቀች። ታንጉትም እንደሷ የማቲዎስ ቢሮ ሰላይ ናት፣ ከአንድ ዓመት በፊት እዚህ ቤት የገባች። ሁለቱ አብረው ሠልጥነዋል፣ በአንድ ሳህን በልተዋል፣ አሁንም አንድ ቤት ይኖራሉ።

ራስጌው ላይ ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ስትሆን የተኛው ሰው ተኝቷል። ቀይ ስትሆን ነቅቷል። ዘርአብሩክ በዚህ ዓለም የሚያምነው ያችን መብራት ብቻ ነው። ስልኩ መጠለፉን ያውቃል፤ ስለዚህ ምስጢሩን የሚያወራው እዚህ ክፍል ውስጥ፣ የተኛ ሰው አጠገብ ነው። ሰውን ተኝቻለሁ ብሎ መሸወድ ይቻላል። ማሽኑን አይቻልም።

ከድጃም አትሸውደውም። የምር ትተኛለች። ተኝታ ትሰማለች።

ይሄን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ሕልም ውስጥ ሆኖ ሕልም መሆኑን ማወቅ ቀላሉ ነው። ከባዱ እዚያው መቆየት ነው። ደስ ካለሽ ትነቂያለሽ። ከፈራሽ ትነቂያለሽ። አንድ ነገር ላይ ካፈጠጥሽ ሕልሙ እንደ እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል። ሲንቀጠቀጥብሽ ሁለት እጅሽን ታሻሺያለሽ፤ አጠገብሽ ያለውን ትዳስሻለሽ። መጀመሪያ ሕልሙን ማጽናት ነው፤ ምልክት መስጠት ከዚያ በኋላ ነው። ምልክቱ ዓይን ነው። የተኛ ሰው ዓይኑ ከቆቡ ሥር ይንቀሳቀሳል፦ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። «ገብቻለሁ፣ እየሰማሁ ነው» ማለት ነው። የምታነበው ታንጉት ናት።

«መልካም እንቅልፍ ሃቢባዬ» አለች ታንጉት፤ አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበችላት።

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች።

*

ከድጃ የአባቷ አይሱዙ ውስጥ ነበረች።

ሁልጊዜ የምትገባው እዚህ ነው። አንጋጫ ዳገት ላይ የቆመ አሮጌ አይሱዙ፤ መሪው ላይ አባቷ አወል። አወል ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚህ ግን የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ክንዱን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃታል። ፊቱን ትኩር ብላ ማየት አይፈቀድላትም፤ ሕልሙ ይቀደዳል። በጎን በጎን ትሰርቀዋለች።

«ዛሬም መጣሽ?»

«ሥራ ነው አባዬ።»

«ተኝቶ ደመወዝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳልተኛ ነድቼ አንድ አይሱዙ።»

ሳቋን ዋጠችው። ሳቅም ያነቃል። እጇን አሻሸች፤ ሙቀቱ ተሰማት። ዳሽቦርዱን ዳሰሰች፤ አቧራው መዳፏ ላይ ቀረ። ሕልሙ ጸና።

ሬዲዮው ሿ አለ። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የሚገባው በዚያ ነው። ምልክቱን ልትሰጥ ዓይኗን ወደ ግራ ልታዞር ስትል፦

«ገና ነች» አለ ሬዲዮው፣ በታንጉት ድምፅ። «ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም። እስክትገባ ድረስ ግንድ ናት። ቶሎ ይበሉ ዶክተር።»

ከድጃ ዓይኗን ባለበት አቆመችው።

«ይቺ ናት አታካና የሚሏት?» ዘርአብሩክ ነው።

«እሷው ናት። ዓይኗ ግራ ቀኝ ሲል እጄን አነሳለሁ። ያኔ ሽማግሌው ጊምቢቹ ነው ይበሉ። ቢሮው የሷን ቃል ያምናል። ሁሉም ወደ ጊምቢቹ ከተማ ሲወርዱ እርስዎ ሌሞ ላይ ሥራዎን ይጨርሳሉ።»

«ሌሞ ያለውን ማንም አያይብንም?»

«ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ጓሮ እኮ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ወንድ አይጠጋውም። ፖሊሱም ወንድ ነው።»

ዘርአብሩክ ሳቀ። «እሷንስ ምን እናድርጋት?»

«ዛሬ ቃሉን ታድርስ። ነገ ለመተኛት መምጣቷ አይቀርም። ነገ አንቀሰቅሳትም።»

አይሱዙው ተንቀጠቀጠ።

የፊት መስታወቱ እንደ ጭስ ሳሳ። ከበስተጀርባው የክፍሉ ጣሪያ ታያት።

ልትነቃ ነው።

«ልቧ ፈጠነ» አለ ሬዲዮው።

እጇን አሻሸች። አሻሸች። አልሞቀም።

አባቷ ተንጠራርቶ በሷ በኩል ያለውን በር ከፈተው። «ውረጂ ልጄ። ይገድሉሻል። ውረጂና ሩጪ።»

ከወረደች ትነቃለች። ከነቃች መብራቷ ቀይ ትሆናለች። ያኔ ነገን የሚጠብቅ የለም፤ ሽማግሌውም የሉም።

«አልወርድም አባዬ።»

«የተባለውን ሰማሽ አይደል? አባትሽ ነኝ፤ ውረጂ ስልሽ ውረጂ።»

ክንዷን ያዛት። ድምፁ የሱ ነበር፤ ትንባሆውና ናፍጣው ሳይቀር የሱ ነበር። እንባዋ መጣ። እንባም ያነቃል። እሱ አጠገቧ እስካለ ድረስ ልቧ አይረጋም።

«አንተ አባቴ አይደለህም» አለችው። «መንቃት የፈለገው የራሴ ልብ ነህ። አንተ ውረድ።»

ሙሉ ፊቱን አዞረላት። ሦስት ዓመት ስትሰርቀው የኖረችውን ፊት።

አልተቆጣም። ቁልፉን እንደተሰካ ትቶ ወረደ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ የአይሱዙ በር ደግሞ ቀስ ተብሎ አይዘጋም። ዳገቱን ቁልቁል ሄዶ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ከድጃ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተንሸራተተች። መሪውን ጨበጠች። ላዩ ላይ የተጠመጠመው ገመድ ሸካራ ነው። እያንዳንዱን ዙር በጣቷ ዳሰሰችው። መስታወቱ ወፈረ። ጣሪያው ጠፋ።

«ረጋች» አለች ታንጉት። «ቅዠት ነው።»

እስከ ሃያ ቆጠረች። እንደገና እስከ ሃያ።

ከዚያ ዓይኗን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አደረገች።

ዘርአብሩክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽማግሌው ጊምቢቹ ነው» አለ፣ ክፍል ፊት ቆሞ ግጥም እንደሚያነብ ተማሪ።

*

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀሰቀሷት። ታንጉት ሻይ ይዛ ጎንበስ አለች።

«ሰማሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ጊምቢቹ» አለች ከድጃ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?»

ታንጉት ግንባሯን ሳመቻት። ከድጃ ሻዩን «ሲበርድ» ብላ አስቀምጣ ወጣች። ውጭ ወደሚጠብቃት ባጃጅ ገባች።

«ጋሼን ጊምቢቹ ይሂዱ በላቸው» አለችው ሀምዛን። «ሁለት መኪና ይዘው፣ ጥሩምባ እየነፉ።»

«እዚያ ነው ያለው?»

«አይደለም።»

ሀምዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። ቆንጆ ነበር። አሁን ምን ያደርጋል።

«አንቺስ?»

«እኔ እንሰት ልፍቅ ነው። ሌሞ አድርሰኝና ብረር።»

*

ሁለት ጎረምሶች ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆመዋል። ጀርባቸውን ለጓሮው ሰጥተዋል።

ዘርአብሩክ ቦታውን ሲመርጥ ያላሰበው ይሄን ነው። እንሰት ሲፋቅ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን ሰቅለው ነው የሚሠሩት፤ ወንድ እዚያ ቆሞ አያይም። ሰው አፍኖ ለመውሰድ የማያፍር ጎረምሳ ይሄን ያፍራል። እናት አሳድጋዋለች።

ከድጃ ጫማዋን አውልቃ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ የእንሰት ቅጠል ተሸክማ በመሃላቸው አለፈች። ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ።

ጓሮው ውስጥ፣ አንዲት የተዘጋች ጎጆ ፊት፣ ስድስት ሴቶች በቀርከሃ መፋቂያ እየፋቁ ነው። በሀዲይኛ ሰላም አለቻቸው። ትልቋ እማማ ትርፊት ቀና አሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ጎጆው ውስጥ ላሉት ሰውዬ ነው የመጣሁት።»

ትርፊት መፋቂያቸውን አቆሙ። «እብድ ናቸው፣ እስኪሻላቸው ታስረው ይቆዩ ብለውን ነው። ትናንት ውሃ ስሰጣቸው ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩኝ። እብድ ስለ ገብስ ይጨነቃል?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ይገድሏቸዋል።»

አንዷ ነጠላዋን አወረደች። ሌላዋ ሻሿን ፈታች። ሦስተኛዋ ከላይ የደረበችውን ቀሚስ አወለቀች።

ከድጃ ጎጆው ውስጥ ገብታ የአቶ አክሊሉን ገመድ በእንሰት መቁረጫ ቢላ ቆረጠችው። ሽማግሌው ሻሽ ታስሮላቸው፣ ቀሚስ በሱሪያቸው ላይ ወርዶላቸው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሴቶች እየፋቁ በመሃላቸው አላልፍም። ነውር ነው።»

«ጋሽ አክሊሉ፣ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን።»

«ይሁን። ነውር ነው።»

«ይውጡ ሰውዬ» አሉ ትርፊት ከውጭ። «ይሄን ሁሉ ልጅ ወልደን ወንድ አናውቅም?»

ዓይናቸውን ጨፍነው ወጡ።

ስምንት ሆነው ቅጠል ተሸክመው በሰልፍ መጡ። አንደኛው ጎረምሳ በስልክ እየሳቀ ነው። «ጊምቢቹ ገቡ ነው የምትለኝ? ሁለት መኪና?» ስልኩን ዘጋ። «እናቶች፣ ዛሬ ቶሎ ጨረሳችሁ።»

አቶ አክሊሉ ሳሉ።

የወንድ ሳል።

ጎረምሳው ቀና አለ። ዓይኑ ሰልፉን መቁጠር ጀመረ። እጁ ወደ ጃኬቱ ሄደ።

«አንተ ልጅ» አሉ ትርፊት፤ ቀሚሳቸው ገና እንደተሰበሰበ ፊቱ ተገተሩ። «ቆጥረህ ስትጨርስ ና ይሄን ያዝልኝ፤ ቀሚሴን ልመልስ እጄ ሞልቷል።»

የልጁ ጆሮ ቀላ። ፊቱን ወደ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ አዞረ፤ ጓደኛውም እንዲሁ። ሰልፉ አለፈ። ትርፊት መንገድ ላይ ያስቆሙት የፈረስ ጋሪ ከድጃንና ሽማግሌውን ጭኖ ስምንት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ከሌሞ ወጣ።

*

ሰኞ አቶ አክሊሉ ያዩትን ተናገሩ። ዘርአብሩክ በካቴና ወጣ።

ታንጉት አልተያዘችም።

በዚያው ቀን ከድጃ ወደ ቤቷ ስትመለስ የታንጉት ሻንጣ የለም። የከድጃ ብርድ ልብስ ግን ታጥፎ ትራሷ ላይ ተቀምጧል፤ ታንጉት ሰው ስታስተኛ እንደምታጥፈው። ስንት ደቂቃ ላይ እንደምትገባ፣ ምን እንደሚያነቃት፣ ስትተኛ በየትኛው ጎኗ እንደምትሆን ከታንጉት በቀር የሚያውቅ የለም።

ያን ዕለት ከሰዓት ወንበር ላይ ትንሽ አሸለባት። አይሱዙው ዳገቱ ላይ ቆሞ ነበር። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ጉሙ ውስጥ ተጣራች። ሬዲዮው ብቻ ሿ አለ።

ከዚያ ወዲህ አልተኛችም።

«አታካና አልቃለች» አሉ ጋሼ ማቲዎስ፤ አዲስ መታወቂያ አቀበሏት። «ፈቲያ ነሽ። ዱራሜ ክርና ቁልፍ ትሸጫለሽ። እኔንም አታውቂኝም።»

«መቼስ አውቄዎት ነበር?» አለችና ወጣች።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀመጡ። እስከ ግማሽ መንገድ ያዩዋት ነበር።

«ዓይንሽ በጣም ቀልቷል ልጄ። ተደገፊኝና ተኚ። ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ።»

«አይ እማማ፤ መንገዱን ልየው።»

ሴትዮዋ ራሳቸው ተኙ። ከድጃ መንገዱን አየች።

ዱራሜ መናኸሪያ አሥራ አምስት ሰው ወረደ። አንዷ ሦስት ቀን ያልተኛች ነበረች። የትኛዋ እንደሆነች ማንም አልጠየቀም።