አምስተኛው ዲስኬት

ሚጡ የደሴቱን ድልድይ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሻገር አባቷ ደረጃው ላይ ሲያስል ሰማችው። ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል ማለት ነው። የቀረው አንድ ፎቅ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችውን የጌሙን ባለታሪክ፣ የደወል ሠሪውን ልጅ፣ በማውሱ ወደ ማማው በር መራቻት። ልጅቷ ግን የሚያስቸኩላት ነገር የለም፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ደረጃውን አንድ በአንድ ትወጣለች።

«ነይ እንጂ! ምን ያንቀረፍፍሻል?» አለች ሚጡ ጥርሷን ነክሳ።

ልጅቷ ማማው ጫፍ ደረሰች። አምስት ደወሎች፣ ትልቁ መሃል ላይ። ባለፈው እሁድ ከአባቷ ጋር ትተዋት የተነሱት ልክ እዚህ ቦታ ነው። ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ሚጡ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ የሂሳብ ደብተሯን ገለጠች።

«የት አለች ባልደረባዬ?» አለ አባቷ ገና ከበሩ።

አባቷ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። የሰው አሳንሰር ሲጠግን ይውልና አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እያለከለከ ይገባል። ጎረቤቶቹ በዚህ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እሁድ ግማሽ ቀን ብቻ ስለሚሠራ ከሰዓት በኋላው የሁለቱ ነው። እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፤ ግሪሱ ከጥፍሩ ሥር አልለቅ ሲለው ተወውና ከመደርደሪያው ላይ የድሮ ደብተሩን አወረደ።

ጌሙም የድሮ ነው። መሮጥ የለ፣ መተኮስ የለ። ሥዕሉን በማውስ እየነኩ በር መክፈት፣ ዕቃ ማንሳት፣ ሰው ማናገር፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው። አባቷ አሥራ ሦስት ዓመቱ ሳለ በአምስት ዲስኬቶች ተገዛለት። አራቱን ተጫውቶ ማማው በር ላይ ሲደርስ አምስተኛውን ዲስኬት ለነገ ብሎ ትልቁ ስፒከር ላይ አስቀመጠው። የስፒከሩ ማግኔት ዲስኬቱን ጠራርጎ አጠፋው። እንዲህ ሆኖ የታሪኩን መጨረሻ ሳያይ ጎረመሰ፣ አገባ፣ ወለደ። ሚጡ ትንሽ እያለች ሲያስተኛት የሚነግራት ይህንኑ ታሪክ ነበር። ማማው በር ላይ ሲደርስ ግን መጨረሻውን ከራሱ ይፈጥራል፤ የዛሬው ከትናንቱ አይገጥምም።

ከሁለት ወር በፊት ጌሙ ታድሶ ወጣ። ሥዕሉ በብሩሽ የተቀባ መስሏል፤ ሰዎቹም ድምፅ አውጥተው ያወራሉ። አንዲት ቁልፍ ሲነኩ ደግሞ የድሮው ሥዕል ይመለሳል። አባቷ ይህችን ቁልፍ ሳይነካ አምስት ደቂቃ መቀመጥ አይችልም።

«አየሽው?» ይላል። ጠቅ። አሮጌው ጀልባ ቀዛፊ የነጠብጣብ ክምር ይሆናል። «ይሄ ሰውዬ ያኔ አፍንጫ አልነበረውም እኮ። አንድ ነጥብ! አፍንጫ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በሐሳቤ።»

«የአሁኑ አፍንጫው ያምራል አይደል?»

«ያምራል። የኔው ግን ትንሽ ቆልመም ያለ ነበር።»

ያላቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው። ሚጡ ማውሱን፣ አባቷ ደብተሩን ይይዛሉ፤ አንዱ በሌለበት ሌላው ጌሙን አይከፍትም። ሚጡ ይህን ሕግ ያፈረሰችው ረቡዕ ዕለት ነው።

«አሁንም ደወሉ ላይ ናችሁ?» ብላ ነበር ቀጮ በዕረፍት ሰዓት። ቀጮ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ከሰው ኋላ መቅረት የሚያማት ዓይነት። «ሦስት እሁድ ሙሉ? እኔ እኮ በአንድ ቀን ነው የጨረስኩት። አፈታቱን የሚያሳይ ቪዲዮ አለልሽ፣ ፋራ አትሁኚ።»

«እኛ ቪዲዮ አናይም።»

«እኛ! ከአባቷ ጋር ጌም የምትጫወት ልጅ ደግሞ ዛሬ አየሁ።»

ሚጡ ቤት ስትገባ ማንም አልነበረም። ጌሙን ከፈተችና አንድ ፍንጭ ብቻ ብላ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ፍንጭ ሰጪ ፋኖስ ነካች። አንዱ ፍንጭ ሌላውን ጠራ። ደወሎቹ በተራቸው ተደወሉ፤ ባሕሩ ላይ የተኛው ጉም ተገፈፈ። ቀጥሎ የመጣው በጣም ከማማሩ የተነሳ «አየህ!» ብላ ዘወር አለች።

አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ጌሙ የሚያስቀምጠው የደረሱበትን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ «ተፈጸመ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ቀረ። አባቷ እሁድ ሲከፍተው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ሊሆን ነው። ስለዚህ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ ዛሬም ጠዋት ጭምር፣ ቀጮ የላከችላትን ቪዲዮ በስልኳ ከፍታ ሁለት ወር የፈጀባቸውን መንገድ ከመጀመሪያው ደገመችው።

አሁን አባቷ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «እስቲ ከረጢቱን ክፈቺው። አንድ የረሳነው ነገር ሳይኖር አይቀርም።»

ሚጡ ከፈተችው። አባቷ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ቆጠረ። «ገመድ አለ። ሻማ አለ። የዓሣ አጥንት አለ። ጃንጥላችንስ?»

ሚጡ ክው አለች።

ቀዳዳውን ጃንጥላ ወደቡ ላይ ከቆሻሻ መሃል ያነሱት በመጀመሪያው እሁድ ነበር። አባቷ መንገድ ላይ ብሎን ካየ ሳያነሳ የማያልፍ ሰው ነው፤ ጌም ውስጥም ያው ነው። ጃንጥላው ለምንም አይሆንም። እነሱ ግን ላገኙት ሰው ሁሉ ሲዘረጉለት ነው የከረሙት። ቀዛፊው «ይህን ደግሞ ምን ላድርገው፣ ልጄ?» ባለ ቁጥር ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። የቪዲዮው ሰውዬ ግን የማይጠቅም ነገር አያነሳም። እሷም እሱን ተከትላ ጃንጥላውን ዝም ብላ አለፈችው።

«ጌሙ በላው እንዴ?» አለ አባቷ። «በላው! ይኸውልሽ የማደስ ጣጣ። ድሮ አንድ ዕቃ ጠፍቶብኝ አያውቅም።» እስክሪብቶውን አነሳ። «ለሠሪዎቹ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ክቡራን ሆይ፣ ጃንጥላችንን መልሱልን እላቸዋለሁ።»

«ማኅተም እንዳትረሳ!» አለች እናቷ ከወዲያኛው ክፍል። አስተማሪ ናት፤ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነው።

ሚጡ «አዎ፣ በላው» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ውሸቱን አባቷ ራሱ ሠርቶ አስረክቧታል፤ የሷ ድርሻ ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ደብተሩ ላይ «የጠፋ፦ ጃንጥላ፣ አንድ» ብሎ በጥንቃቄ እየጻፈ ነበር፤ የሥራ ቦታ ዕቃ የጠፋበት ይመስል።

«አባዬ፣ ጌሙ አልበላውም።»

«እና ማን በላው?»

«እኔ ነኝ ያላነሳሁት።»

«አንስተነዋል እንጂ! ረሳሽው? የመጀመሪያው እሁድ...»

«ያኔ አይደለም። ሐሙስ ነው። እንደገና ስጀምር።»

እስክሪብቶው ቆመ። አባቷ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ እሷን።

«ጨርሰሽው ነበር?»

«ረቡዕ። ከዚያ እንዳታውቅብኝ ብዬ...»

አባቷ ተነስቶ ወደ በረንዳው ወጣና የተሰጣውን ልብስ ያነሳ ጀመር። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ኪሱ ይከታል። ከወዲያኛው ክፍል የወረቀት ድምፅ ጠፋ። ሚጡ ቢጮህባት በወደደች። ሲጮህ ቶሎ ይበርድለታል፤ ዝም ሲል ነው የሚከብደው።

ልብሱን ትከሻው ላይ ቆልሎ ተመለሰ። «ያየሽው ብቻሽን ነው?»

«ብቻዬን።»

«እሱ ነው የቆጨኝ። መጨረሻውንስ እኔም ስፈጥር ኖሬያለሁ። ስታዪው ምን እንደምትይ መስማት ነበር የፈለግሁት።»

«አየህ ነው ያልኩት።»

«ለማን?»

«ላንተ። ዘወር ስል ግን የለህም።»

አባቷ ልብሱን ሶፋው ላይ ዘረገፈውና ፊቱን በመዳፉ አበሰ። መዳፉን ሲያነሳ አፉ ጥግ ላይ ፈገግታ ይታይ ነበር። «ከዚያ ይህን ሁሉ መንገድ ደገምሽው?»

«ሦስት ቀን ሙሉ። ዛሬ ጠዋትም።»

«ለሂሳቡ እንዲህ ብትለፋ የት በደረሰች!» አለች እናቷ።

«አንቺ ወረቀትሽን አርሚ!» አላት አባቷ። ከዚያ ወደ ሚጡ ዞረ። «በይ ተጠጊልኝ። ዛሬ ማውሱ የኔ ነው።»

ተጠጋችለት። አባቷ ትልቁን ደወል ደወለ። ትንሹን አስከተለ። ተራው ሲሳሳት የማማው ወፎች ይስቃሉ፤ ሳቁበት። ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጎ እንደገና ጀመረ። የማውሱን ቀስት ወደ ሁለተኛው ደወል ወሰደ፤ ሚጡን አየ። ወደ አራተኛው ወሰደ፤ አሁንም አያት። ወደ ሦስተኛው ሲያመጣው ሚጡ ሳታስበው ትንፋሿን ዋጠች።

«እሷ ናት!» አለ አባቷ።

«ምንም አላልኩም!»

«ቅንድብሽ አለ።»

ሚጡ ቅንድቧን በእጇ ሸፈነች። ቀስቱ እንደገና ሲንቀሳቀስ ደግሞ እግሯ አሳበቀባት። አባቷ ሆን ብሎ አይደለም፤ የአሳንሰር ሞተር በጆሮው ብቻ የሚመረምር ሰው አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጁን ሳያነባት ማለፍ አይሆንለትም። በዚህ አያያዙ አምስት ደቂቃም አይፈጅበትም። ግን ፊቷ ላይ አንብቦ ነው የሚጨርሰው። ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ የጠበቀውን ነገር ራሱ ይፍታው፣ የሷ ቅንድብ ይፍታው ሳያውቅ ሊቀር ነው።

ከረቡዕ ጀምሮ አንድ ነገር ስታስብ ነበር፤ ጉሙ ሲገፈፍ የአባቷ ፊት ምን እንደሚመስል። በሐሳቧ ብዙ ፊት ሥላለት ነበር።

ተነሳች። ወንበሯን አንስታ ወደ በረንዳው በር አዞረችና ለስክሪኑም ለአባቷም ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ቀጥል።»

«አታዪም እንዴ? ሊመሽ ይችላል እኮ።»

«ይምሽ። እሰማለሁ።»

ከፊቷ የማዶው ሕንፃ መስኮቶች ነበሩ፤ አንዱ ላይ አንዲት ሴትዮ ምንጣፍ ታራግፋለች። ከኋላዋ ማውሱ ጠቅ አለ። አንድ ደወል ተደወለ፤ ሌላው ተከተለ። ሚጡ ፊቷ እንደፈለገ እንዲሆን ለቀቀችው። ሦስተኛው ላይ ወፎቹ ሳቁ።

«አልሆነም!» አለ አባቷ። ድምፁ ውስጥ አንዳች ቅሬታ አልነበረም። ገጽ ሲገለጥ ተሰማ።

«እንደገና» አለች ሚጡ፣ ሳትዞር።