ከባሕር ድንጋይ ውስጥ የወጣው

«ጧ!»

ሩሐማ የሒሳብ ደብተሯን ጥላ ተነሳች። ድምፁ የመጣው ከዓሣ ገንዳው ነው። ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። ገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ቀዳዳ ሁለት ዓይኖች ብቅ ብለዋል፤ አንዱ ወደ እሷ፣ ሌላው አጠገቡ ወደሚሳበው ቀንድ አውጣ ያያል። ወዲያው ጣት የሚያህል፣ አረንጓዴና ቀይ የተቀባ የሚመስል ፍጥረት ወጥቶ ቀንድ አውጣውን በክንዱ ነረተው። ቅርፊቱ ተሰነጠቀ።

«አባዬ! ቶሎ ና!»

አባቷ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ጎንበስ ብሎ አየና አፉን በእጁ ያዘ።

«ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር አዳኝ ነው! አጎትሽ ግርማይ ከጅቡቲ ባመጣልን ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ ነው የመጣው። ጣትሽን እንዳታስገቢ፣ ጡጫው አይቻልም።»

«እና… የበፊቶቹንም የሰበራቸው እሱ ነው?»

«ሌላ ማን ይሆናል?»

ሩሐማ ፊቷን ከመስታወቱ አራቀች። ባለፈው ሳምንት ለአክስቷ ሰርግ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ፣ ዓሣዎቹን ሦስት ቀን እንድታበላ አደራ የሰጠችው ለጓደኛዋ ለፋኢዛ ነበር። ሲመለሱ አራት ቀንድ አውጣዎች ተሰባብረው አገኙ።

«ድንጋይ ጥለሽባቸው ነው አይደል?» አለቻት ያኔ ሩሐማ።

«ወላሂ እጄን እንኳን አላስገባሁም! ሦስቱንም ቀን መጥቼ አብልቼ ሄድኩ፣ በቃ።»

ቁልፉን የያዙት ጎረቤታቸው እትዬ ሀብትነሽ ግን ፋኢዛ ቅዳሜ ዝር አላለችም አሉ። አንዱን ከዋሸች ሁሉንም ዋሽታለች ብላ ሩሐማ በክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ፋኢዛ ውሸታም ናት» ብላ ለጠፈች። ከዚያ ወዲህ ፋኢዛ ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው ብቻዋን ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ተምታታባት። ፋኢዛ ምንም አልሰበረችም። ግን ዋሽታለች። ታዲያ ይቅርታ መጠየቅ ያለባት ማናት? ያንን ፍጥረት እንኳን መጥላት አቃታት፤ ዓይኖቹን እያዟዟረ ሲያያት በጣም ያምራል።

«ለብቻው ካላስቀመጥነው ሁሉንም ይጨርሳቸዋል» አለ አባቷ። «ባሕር ቅርብ ቢሆን እንመልሰው ነበር። ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ። ብቻ አትግደለው።»

አባቷ ባልዲ ሊፈልግ ወጣ። ሩሐማ ስልኳን አንስታ «ፋኢ፣ አንቺ አይደለሽም» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። «ቅዳሜ ግን ለምን ዋሸሽኝ?» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ጃኬቷን ለበሰችና ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ በእግሯ ሄደች።

በሩን የከፈተችው ራሷ ፋኢዛ ነበረች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ቀንድ አውጣዎቹን… ማለቴ፣ ድንጋዩ ውስጥ እንስሳ ነበር። እሱ ነው የሰበራቸው።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ቅዳሜስ? ሳትመጪ መጣሁ ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

ፋኢዛ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሳሎኑ ውስጥ ልብስ የታጨቀባቸው ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ገና ያልተጠቀለሉ ብርጭቆዎች አሉ። ግድግዳው ባዶ ነው።

«ቤታችን ሊፈርስ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቅዳሜ በምትኩ የተሰጠንን ቤት ልናይ ሄደን ነበር። በጣም ሩቅ ነው። ትምህርት ቤትም መቀየሬ ነው መሰለኝ። ለማንም ማውራት አልፈለግሁም፤ ስትጠይቂኝ ዝም ብዬ መጣሁ አልኩሽ።»

«መቼ ነው የምትሄዱት?»

«እሁድ።»

ሩሐማ ልትናደድ ይሁን ልታለቅስ አላወቀችም። ስልኳን አወጣችና ግሩፑ ላይ መጻፍ ጀመረች። «ፋኢዛ ምንም አልሰበረችም። ሳላረጋግጥ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ።» ከመላኳ በፊት ለፋኢዛ አሳየቻት።

ፋኢዛ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስለ ቤቱ አልጻፍሽም?»

«አልጻፍኩም።»

«ላኪው።»

ላከችው።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች ፋኢዛ።

«እሺ።»

ፋኢዛ ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ መጠቅለል ቀጠለች። ሂጂም አላለቻት፣ ግቢም አላለቻት። ሩሐማ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጃኬቷን አውልቃ ከጎኗ ተቀመጠችና አንድ ብርጭቆ አነሳች።