የእማማ ራምካሊ መዝሙር

«በየትኛው ዜማ?» አለች ቻሩ፣ ዓይኗን ከሂሳብ ደብተሯ ሳታነሳ።

እትዬ ቢምላ በሩ ላይ እንደቆሙ ስልካቸውን ከፈቱ። እሳቸው የሰፈሩ ጣፋጭ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍቱ ነው፣ ለምርቃቱም መዝሙር ሊያስጽፏት መጥተዋል። ከስልኩ የወጣው ዘፈን ዘንድሮ ሰርግ ቤቱን ሁሉ ሲያስጨፍር የከረመው የፊልም ዘፈን ነበር። ዘፋኟ «ና ቅረበኝ» የምትልበት ቦታ ላይ «ላክሽሚ ሆይ፣ ከሱቄ ግቢ» ቢባልላቸው፣ ሀብት ሰጪዋ አምላክ ደስ እንደሚላት ነገሯት። ለሐሙስ ይድረስልኝ ብለውም ሄዱ። ፈተና አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

የሃፑር ከተማ ሴቶች የመዝሙር ማኅበር ሥራው እንዲህ ነው፤ ዜማው የፊልም፣ ቃሉ የአምላክ። የፊልሙን ዜማ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ማጥናት አያስፈልግም። ከበሮውን የምትመታው የቻሩ እናት ሱማን ናት። ሱማን ትምህርቷን አምስተኛ ክፍል ላይ ስላቆመች፣ ቃሉን የምትጽፈው ቻሩ ሆነች። ስትጀምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ያኔ ያስደስታት ነበር። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል፣ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፊቷ ተደቅኗል፣ ነገር ዓለሙ ታክቷታል።

በዚያ ሰሞን መምህራቸው የሰው ልጅ የሚኖርላቸውን አራት ዓላማዎች አስተምረዋቸው ነበር። ግዴታን መወጣት፣ ሀብት ማፍራት፣ ፍቅርና ደስታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሞክሻ፤ ከመወለድና ከመሞት ዙር ወጥቶ ማረፍ። ቻሩ የመዝሙር ደብተሯን ስታገላብጥ ሳቋ መጣ። የሱቅ መዝሙር ስምንት አለ። ባል ስጠኝ፣ ልጅ ስጠኝ የሚል አሥራ አራት። ልጄ ታዛዥ ይሁን፣ አማቴ ትመርቀኝ የሚል ደግሞ ስድስት። አራተኛውን ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አዝዟት አያውቅም።

በመጨረሻ ያዘዟት እማማ ራምካሊ ናቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ሁለቱን ትንንሽ የናስ ሲምባሎች እያጋጩ ምቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከመዝሙር በኋላ እጇን ያዙና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልብዎ ደክሟል አለኝ ሐኪሙ» አሉ። «አዲስ ነገር የነገረኝ መስሎታል። የመሄጃዬን መዝሙር ጻፊልኝ፣ ልጄ። በቁሜ ልስማው እንጂ፣ ከሞትኩ በኋላማ ምኑን እሰማዋለሁ?»

ዜማውንም መረጡ። በተዳሩበት ዓመት ያዩት የድሮ ፊልም ዘፈን ነው፤ አንዲት ልጅ ወንዝ ዳር ቆማ፣ ባለጀልባውን ወደ ወዳጄ አሻግረኝ ትለዋለች። እማማ ራምካሊ ጥቂቱን አንጎራጎሩላት። ቻሩም እሺ፣ ለሐሙስ አደርሰዋለሁ አለች።

እሺ ማለትማ ቀላል ነው። ረቡዕ ከሰዓት የእትዬ ቢምላን የሱቅ መዝሙር ጽፋ ስትጨርስ፣ የሰባት ገጽ ሂሳብ እየጠበቃት ነበር፤ በነጋታው ደግሞ የሙከራ ፈተና አለ። ደብተሩን ከፍታ ባዶውን ገጽ ስታየው ጭንቅላቷ እንደ ገጹ ባዶ ሆነ። ስልኳን አነሳች። ስለ ሞክሻ የተዘመረ አንድ የቆየ መዝሙር አገኘች፣ ከዜማው ጋር እንዲገጥም ሁለት ስንኝ አሳጠረች፣ ገለበጠችው። ማን ያውቅብኛል ብላ።

ሐሙስ ከሱቁ ምርቃት በኋላ በእማማ ራምካሊ ግቢ ዘመሩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ የሲምባሉ ድምፅ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ምቱን መልሶ ያዘ። እትዬ ቢምላ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ሱማን ከበሮዋን አቅፋ፣ ልጄ ናት የጻፈችው እያለች ላገኘችው ሁሉ አወራች። እማማ ራምካሊ ተባረኪ አሏት። ቻሩ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ስትነካ ግን፣ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር አሉ።

«ባሌ በሞተ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ መታሰቢያው ላይም ይህንኑ ነበር የዘመሩት። ግድ የለም፣ ደክሞሽ ነው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ በደስታ ስታወራ፣ ቻሩ ሁለት እርምጃ ኋላ ቀርታ ተራመደች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እማማ ራምካሊም አይናገሩባትም፤ ይህን ታውቃለች። የከፋትም ይኸው ነው፤ ሴትዮዋ የመጨረሻ መዝሙራቸውን ተነጥቀው እሷን ሸፈኗት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ልብሷን ሳትቀይር፣ በዩኒፎርሟ ወደ እሳቸው ሄደች። እማማ ራምካሊ ከግቢው የእጅ ፓምፕ አጠገብ ተቀምጠው፣ ግማሽ ድረስ የሞላ ባልዲ ፊታቸው ነበር። ቻሩ ባልዲውን ወጥ ቤት አደረሰችላቸው። ስትመለስ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሞክሻ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለች። «ለፈተና እንጂ ለእርስዎ መጻፍ አልቻልኩም።»

«እኔስ የት አውቄው?» አሉ እማማ ራምካሊ። ትንሽ ተነፈሱ። «ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነስቼ ውኃ ቀዳሁ። ለአማቴ፣ ለባሌ፣ ለልጆቼ። ወደድኳቸው፣ አልዋሽም። ግን አንድ ቀን ባልዲውን አስቀምጬ፣ ራምካሊ ብሎ የሚጠራኝ ሳይኖር፣ እንዲሁ ብቀመጥ እላለሁ። ለእኔ ይኸው ነው። ለአምላክ የሚሆን ወሬ ነው ወይ?»

ቻሩም ስሟን የሚጠራ ባይኖር የምትልባቸው ቀናት አሉ፤ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ። ደብተሯን አወጣችና የተገለበጠውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ሰረዘችው። የሂሳቡ መጽሐፍ ከቦርሳው አልወጣም።

ማታ ለእናቷ እውነቱን ነገረቻት። ሱማን ያወራችላቸውን ሰዎች ዓይን ማየት አፈረች። ቀጥሎ ቻሩ ከዚህ አንድ መዝሙር በኋላ እስከ ፈተናው ድረስ አልጽፍም ስትላት፣ እናትየው የልጇን ፊት ልብ ብላ አየችው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ይመስላል። «ለቢምላ እኔ እነግራታለሁ» አለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ እማማ ራምካሊ ትራስ ተደግፈው፣ ሲምባሎቹን እንደያዙ ጠበቋቸው። ቻሩ ያለፈው መዝሙር የእኔ አልነበረም፣ ገልብጬ ነው ስትል፣ እትዬ ቢምላ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ሱማን ከበሮውን መታች፣ የወንዙ ዜማ ተነሳ።

ባልዲዬን አስቀመጥኩ፣ ባለጀልባዬ፤
ስሜን ቢጠሩትም አልዞርም ብዬ።

የመጀመሪያውን ዙር እማማ ራምካሊ ምቱን ጠበቁ። በሁለተኛው እጃቸው ቀስ አለ። ከዚያ ሲምባሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ ጀርባቸውን ለትራሱ ለቀቁ። ሴቶቹ ተያዩ። ሲምባሎቹን ላንሳቸው ያለ ግን አልነበረም፤ መዝሙሩ በከበሮው ብቻ ቀጠለ። እማማ ራምካሊ ዓይናቸውን ገልጠው እያዳመጡ ነበር።

ቻሩ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሄዳ ልታጠና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር። አውርዳ ከጎኗ አስቀመጠችው።