አሮጌው መናኸሪያ የፈረሰ ዕለት

ኢንስፔክተር ታይቱ ከመናኸሪያው ስትደርስ ዶዘሩ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል። የአቶ ይስማው አስከሬን በባለሱቁ ሙሐመድጣሂር ባዶ ኮንቴነር ውስጥ ተዘርግቷል። የሚያዝያ የመተማ ፀሐይ ብረቱን አግሎታል። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። ከአስከሬኑ አጠገብ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን አለ።

አቶ ይስማው መናኸሪያ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ በ1985 ዓ.ም. ከሮቃ ዛፍ ሥር ቆመው «ጎንደር! ጎንደር!» እያሉ ተሳፋሪ የጠሩ ሰው ናቸው። ኋላ አጥር ታጠረ፣ ቢሮ ተሠራ፣ እሳቸውም ትኬት ቆራጭ ሆኑ። ታይቱ ራሷ ለፖሊስ ሥልጠና የሄደችው እሳቸው በቆረጡላት ትኬት ነው። ልጃቸው ጣሰው ሱዳን ገብቶ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመቱ። «ስትመለስ እዚሁ ታገኘኛለህ» ብለው ሸኝተውት ነበርና፣ መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር «ንቅንቅ አልልም» አሉ።

ሬሳውን ያገኘችው ሴት ልጃቸው ሰርኬ ናት። «ከዶዘሩ ፊት እተኛለሁ ብለው በጠዋት ወጡ። ስፈልጋቸው ዋልሁ።»

ታይቱ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። ጣቶቹ ተኮራምተዋል።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አምና ደም ግፊት ከጣላቸው ወዲህ። ግራውም ጉልበት የለው። ሰው እንዳያይባቸው ቀኙን ከኪሳቸው ይደብቁት ነበር።»

ሙሐመድጣሂር አንገቱን ደፋ። «ሻያቸውን የማማስልላቸው እኔ ነበርሁ። ዛሬ ዕቃዬን ወደ አዲሱ ሱቅ ሳግዝ ኮንቴነሩን ክፍት ትቼው ሄድሁ።»

ከቦታው የተገኘው ሦስተኛው ሰው ሹፌሩ አበባው ነው፤ የጣሰው አብሮ አደግ፣ አቶ ይስማው እንደ ልጅ ያሳደጉት። ሁለት ዓመት አብደራፊ ሰሊጥ ሲያመላልስ ቆይቶ ትናንት ነው የመጣው።

«እዚሁ ቆሜ ዶዘሩን ሳይ ዋልሁ» አለ።

ታይቱ ሦስቱን ከኮንቴነሩ በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የዘጋባቸው ጠላት አይደለም። ጠላት ውሃ አያስቀምጥም። ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ማቀዝቀዝ የሹፌር ልማድ ነው። ክዳኑ ግን እንደጠበቀ ነው፣ አልተከፈተም፤ ዙሪያውን የጥርስ ምልክት አለበት። ሰርኬ ወይም ሙሐመድጣሂር ቢሆኑ አላልተው በተዉላቸው ነበር። ከእናንተ መካከል የእጃቸውን መድከም የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አበባው ጀሪካኑን አየ። «ዶዘሩ እንዳይጨፈልቃቸው ብዬ ነው… ሥራው ሲያልቅ ልከፍትላቸው…»

«በሩን ሲደበድቡ አልሰማህም?» አለች ሰርኬ።

«ሰምቻለሁ። የተቆጡ መሰለኝ። ዝም ሲሉ ጊዜ፣ ጋሼን እንቅልፍ ወሰዳቸው ብዬ ደስ አለኝ።»