የእማማ ወለተጊዮርጊስ እንትፍታ

ልጆቼ፣ ተረት ነው የሚል ይበል። ታምሩ ራሱ እጄን ጨብጦ የነገረኝ ነው።

ሐምሌ 1997 ዓ.ም. ሐዋሳ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት...

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወለል ብላለች። ጨለማ አትጠብቁ። ይህ ነገር ጨለማ አላስፈለገውም።

ታምሩ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ሊዲያ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለችው። የልጅቷን ራስ ጭርት በላው። ጸጉሯ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እየሠራ ረገፈ። ቅባቱም ኪኒኑም ተሞከረ፤ አልበገር አለ። ትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ።

አለቃው ዶክተር ደምሴ አንድ ቀን እንዲህ አለው።

"በምራቃችን ውስጥ ፈንገስ የሚገድሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁርጥራጮች አሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ከተወለድን ጀምሮ በር ላይ የቆሙ ዘበኞች ናቸው። እስቲ የማን ዘበኛ እንደሚበረታ እንሞክር።"

እኔ ከሰባተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እንደነገረኝ ነው የምነግራችሁ።

ታምሩ ከሊዲያ ራስ የፋቀውን ፈንገስ ክዳን ባላቸው ትንንሽ የብርጭቆ ሳህኖች ላይ አሳደገ። የሃያ ሰው ምራቅ አንጠባጠበበት። የአብዛኛው ፈንገሱን ትንሽ ነካ አድርጎ ይተወዋል።

የአንዷ ብቻ ያረፈበትን ሁሉ ጠራርጎ ባዶ ክብ ተወ።

የእማማ ወለተጊዮርጊስ።

እማማ ምሥራቅ ሰፈር ጎረቤቱ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጤና አዳም እያኘኩ፣ ያገኙትን ልጅ ሁሉ "እንትፍ! እንትፍ! እደግ ተመንደግ!" እያሉ የሚመርቁ አሮጊት። ጠርሙስ ይዞ የሄደባቸው ዕለት ከት ብለው ስቀውበት ነበር።

"አንተ ታምሩ፣ ለምራቅ ደግሞ ጠርሙስ?"

"ለምርምር ነው እማማ።"

"የተማረ ሰው ጉድ አያልቅበት!"

ተፉለት። ከዚያ ሊዲያን ጠሩና ሻሿን ገለጥ አድርገው "እንትፍ! እንትፍ!" አሏት። ልጅቷም አንገቷን ደፍታ "አሜን" አለች።

ታምሩ ደነገጠ። ስንት ዓመት ስለ ንጽሕና የሰበከ ሰው! መሐረቡን መዘዘና እዚያው ፊታቸው የልጁን ራስ ጠረገ።

ስህተቱ ይቺ ናት፣ ልጆቼ።

የእማማ ሳቅ ጠፋ።

"ለጠርሙስ የተቀበልከውን ከልጅህ ላይ ትጠርጋለህ?"

ታምሩ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ግድ የለም... የጀመርኩትን ምርቃት ሳልጨርስ አልቀርም።"

በሳምንቱ አረፉ።

ጠርሙሱም አልቆ ነበር። ታምሩን ቀብር ላይ ከኀዘኑ ንዴቱ በለጠበት። የልጁ መድኃኒት እጁ ገብቶ ነበር። በመሐረብ ጠርጎ ጣለው!

ከዚያ በኋላ ሳህኖቹ ይበላሹበት ጀመር።

ምራቅ ያልነካቸው፣ ለማነጻጸሪያ የተቀመጡት ሳህኖች። ጠዋት በፈንገስ ጢም ብለው ይገኛሉ። ከሰዓት ሲያያቸው... ባዶ ክቦች።

"ምን ነካህ ታምሩ?" አለ ዶክተሩ።

"አልነካሁትም።"

"ታዲያ ፈንገሱ ራሱን ሰቀለ?"

እንደገና ጀመረ። እንደገና ተበላሸ። ሦስተኛውም ያው። በብስጭት ጥርሱን ያፋጫል። እውነቱን እንዳይናገር፣ እውነቱን ራሱም አያውቀውም።

በአራተኛው ሳህኑን ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልሎ ፈረመበት። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ለዶክተሩ ሰጠ። "እስቲ አሁን ማን እንደሚያበላሸው አያለሁ!"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረው ከፈቱ።

ፕላስተሩ አልተነካም። ፊርማውም እንዳለ ነው።

ክዳኑ ግን ከውስጥ... ርጥብ።

የብርጭቆው ላብ አይደለም። ሰው አጎንብሶ እንትፍ እንዳለበት የተረጨ ነው።

ዶክተሩ ፕላስተሩን ቀደደ፤ ክዳኑን አነሣ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይሸትሃል?"

"አዎ።"

"ምንድን ነው?"

"ጤና አዳም..."

ታምሩ ክቦቹን ቆጠረ። አምስት። ሁለቱ በቀኝ፣ አንዱ ከፍ ብሎ፣ ሁለቱ ከኋላ ተጠጋግተው... ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል። ማታ ማታ ቅባት የሚቀባው እሱ ነው።

የሊዲያ ራስ ነው።

ባጃጅ አስቁሞ ወደ ቤት በረረ።

የግቢው በር ክፍት ነው። ጣሪያው ላይ አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ የሐይቅ ወፎች፣ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ወደ በረንዳው ዞረው ጸጥ ብለዋል።

ሊዲያ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላለች። ሻሿ የለም። አንገቷን ደፍታለች። ፊት ለፊቷ ባለሦስት እግር ባዶ ዱካ።

"ሊዲያ!"

"እሽሽ... አባዬ። አልጨረሱም።"

"ማን?"

አንገቷን ይበልጥ ደፋች።

ቀረብ አለ። ራሷ ረጥቧል። ጭርቱ የለም። አንድም የለም! አምስቱም ክቦች ላይ አዲስ ጸጉር በቅሏል።

ሽበት ነበር። ጥጥ የመሰለ ነጭ ሽበት።

እጁ በልማድ ወደ ኪሱ ገባ። መሐረቡን... ከዚያን ቀን ወዲህ አላወጣውም።

ልጅቷ አንገቷን ሳታቀና፣ ለባዶው ዱካ፣ "አሜን" አለች።

ኪሱ ውስጥ መሐረቡ ርጥብ ነበር። እና ሞቅ ያለ።